ስደተኛ በአሶሳ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል? የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እና ዜግነት

በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገብተዋል። ከእነሱ በፊትም ከብሉ ናይል ግዛት ሸሽተው የመጡ በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች ዓመታት አሳልፈዋል። ለአሶሳ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ የበርታ ሕዝብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አለ፣ ዐረብኛውም ያግባባል። ታዲያ መምህሩ ወይም አናጢው ሥራ ሲጠይቅ አሠሪውም ስደተኛውም ሕጉ ምን እንደሚል ይደናገራሉ።

ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል ስለ ሥራ በሚናገረው ክፍል ላይ ተዓቅቦ አስመዝግባ ነበር። ለውጡ የመጣው ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም በጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 26 ለስደተኛውና ለጥገኝነት ጠያቂው የመሥራት መብት ሰጥቷል። ሆኖም መብቱ እንደየመንገዱ ይለያያል።

ሰፊው መንገድ መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ስደተኛውንም ነዋሪውንም ለመጥቀም በጋራ የሚቀርጹት ፕሮጀክት ነው። በዚህ ውስጥ የሚሠራ ስደተኛ በፕሮጀክቱ ካሉት ኢትዮጵያውያን እኩል ይታያል።

ከፕሮጀክት ውጭ በደመወዝ መቀጠር ግን ጠበብ ይላል። አዋጁ ለስደተኛው የሚሰጠው፣ ለውጭ ዜጎች ከሚሰጠው አያያዝ የተሻለውን ነው፤ የኢትዮጵያዊን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ (አዋጅ 1156/2011) የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም። ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ የአገር ልጆች ባሉበት ከተማ ለስደተኛ መምህር ይህን ፈቃድ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ደጋግመን እንሰማለን። በግል ወይም በቡድን በእርሻ፣ በዕደ ጥበብ፣ በአነስተኛ ንግድ መሰማራትም ተፈቅዷል፤ ለዜጎች ብቻ የተከለሉ የንግድ ዘርፎች ግን አሁንም የተከለሉ ናቸው።

የስደተኛ መታወቂያ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ይህን ልብ በሉ። ያለ ፈቃድ የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ቢቀርበት መብቱን ማስከበር ይከብደዋል። በመድረሳ ቁርኣን ለማስቀራት የሚቀጥሩ የመስጂድ ኮሚቴዎችም ሰውየው ወገናችን ነው ብለው ብቻ ባይተዉት ይሻላል። የላብ ዋጋ አማና ነውና አስቀድመው አሶሳ የሚገኘውን የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ቢሮ ይጠይቁ።

የሥራ ፈቃድ ደግሞ ዜግነት አያመጣም። ለረጅም ዘመን የቆየ ስደተኛ ከነዋሪው ጋር ተቀላቅሎ ለመኖር ማመልከት እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። ዜግነት ለሚፈልግ የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ይሠራል፦ ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖር፣ ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ። የሚጠየቀው ቋንቋ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ የበርታ ቋንቋ የሚናገር ሰው ይህን መስፈርት አሟልቷል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የቀድሞውን መተው ግድ ይላል።

ከኢትዮጵያዊት ወይም ከኢትዮጵያዊ ጋር ለተጋቡ ቆይታው ያጥራል፤ ጋብቻው ሁለት ዓመት፣ የአገር ውስጥ ኑሮው አንድ ዓመት ይበቃል። እዚህ ላይ በኒካህ ብቻ የተጋቡ ብዙዎች ይቸገራሉ። ሃይማኖታዊ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ቢሆንም በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ ማስረጃ ሆኖ ለማቅረብ ያስቸግራል። የስደተኞች ጋብቻና ልደት ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ እየተመዘገበ ነው፤ ኒካሁን ያሰረው ኢማምም ሁለቱን ወገኖች ወደ መዝጋቢው ቢልካቸው መልካም ነው።

ልጆችን በተመለከተ ግን ጉዳዩ ቀላል ነው። እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ ስደተኛ ቢሆንም እንኳ ማመልከቻ አያስፈልገውም፣ የልደት ምዝገባው ላይ የእናቱ ዜግነት በትክክል መስፈሩን ማረጋገጥ ነው የሚያስፈልገው።