ምርቃት እና ቢል

ንፋስ መውጫ ገበያ እህል የሸመተ ያውቀዋል፤ ሻጯ ሰፍራ ስትጨርስ «ምርቃትስ?» ይሏታል፣ እፍኝ ትጨምራለች። ፈረንጅ በካርድ ሲገዛ ባንኩ ጥቂት የሚመልስለትም ያው ምርቃት ነው። እፍኟ ግን ከዋጋው ውስጥ ታስባለች፤ የምትመረቀውም ከጎን ሌላ ሻጭ ስላለ ነው።

መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለቤታችን ሌላ መብራት ሻጭ አልመጣም። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «ለሁሉ» የተባሉት ማዕከላት የመብራት፣ የውሃና የስልክ ቢል በአንድ መስኮት መሰብሰብ ሲጀምሩም የቀነሱልን ሰልፉን እንጂ ሂሳቡን አልነበረም። ስልክ ላይ ግን ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረና ጥቅል አወዳድሮ መግዛት ተቻለ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ «ጥቅል» ሲሉህ አትቸኩል። መጀመሪያ ከሻጩ ጎን ማን እንደተቀመጠ እይ።