የጎደለች አንዲት ካርታ

ስለ ፖከር የሚያወጉ ሰዎች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በላስ ቬጋስ ቢኒየንስ ሆርስሹ በተባለው ቁማር ቤት የሆነውን ሳያነሡ አያልፉም። በዚያ ዓመት ለዓለም ፖከር ውድድር ከቀረቡት 839 ሰዎች አንዱ የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር ነበር። (የስሙ ትርጉም «ገንዘብ ሠሪ» ነው፤ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ።) መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ እሱ ግን መቶ ዶላር ባልሞላ ክፍያ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ነው የገባው። በመጨረሻ ከፊቱ የቀረው ቤይሩት የተወለደው ሳሚ ፋርሃ ነው፤ ያልተለኮሰ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ፣ ኑሮው ቁማር የሆነ ሰው።

«በባዶ እጁ ፎክሮ አሸነፈው» ይባላል። እኔ ፊልሙን ደጋግሜ ካየሁ ወዲህ በዚህ አባባል አልስማማም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ደብቆ ይይዛል፤ 5 ካርታዎች ደግሞ ለጋራ ይገለጣሉ። ጨዋታው ወሰን የለሽ ስለሆነ ማንም በተራው ያለውን ሁሉ ማስያዝ ይችላል። መኒሜከር የያዘው የጦር ንጉሥና ጦር ያልሆነ 7 ነው። (ጦር የምለው ያንን የተገለበጠ ጥቁር ልብ የሚመስለውን ምልክት ነው።) መጀመሪያ ጦር 9፣ 2 እና ጦር 6 ተገለጡ፤ ሁለቱም ምንም ሳያስይዙ አለፉ። አራተኛዋ ጦር 8 ሆነች። እንግዲህ አንድ ጦር ቢጨመርለት፣ ወይም 5 አለዚያም 10 ቢመጣለት እጁ ይሞላል። ቆጥሬዋለሁ፤ ካላያቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙት 15 ናቸው። ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም።

ፋርሃ 300 ሺህ አስያዘ። መሐል የነበረው 200 ሺህ ያህል ነው። 500 ሺህ ለማግኘት 300 ሺህ ከፍሎ ዝም ብሎ መከተል በዚያች ካርታ ሒሳብ ብቻ ያከስራል። መኒሜከር አልተከተለም፤ ወደ 800 ሺህ ከፍ አደረገው። በዚህች ቅጽበት ሁለት በር ከፈተ፤ ፋርሃ ካርታውን ቢጥል ወዲያው ያሸንፋል፣ ባይጥልም 15ቱ ካርታዎች አሉ። የፖከር ጸሐፊው ዴቪድ ስክላንስኪ ለዚህ ዓይነቱ አጨዋወት «ግማሽ ፉከራ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

እኔ በበኩሌ አንድ ሌሊት ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት አራት አንድ ዓይነት ምልክት ይዤ አምስተኛዋን ጠበቅኋት። የተጠየቅሁትን ሁሉ እየከፈልኩ ተከተልኩ፤ አልመጣችም። የወሩ የቤት ኪራዬ ሄደ። ያ ባለጋራዬ አንድም ጊዜ «ልጣል ይሆን?» ብሎ እንዲጨነቅ አላደረግሁትም።

ፋርሃ ግን ተከተለ፤ አምስተኛዋም የማትረባ 3 ሆነች። አሁን አንዱ በር ተዘግቷል። መኒሜከር ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ ጥንድ 9 ይዞ ረጅም ጊዜ አሰበ፤ ጦሩ ሳይመጣልህ ቀረ አይደል ብሎ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ ግምቱም ልክ ነበር። ይሁንና ካርታውን ጣለ። ለምን? በእኔ እምነት ያ የ800 ሺህ ጭማሪ እጁ ቀድሞ የሞላ ሰው ጭማሪ ስለሚመስል ነው። የመጨረሻዋ ፉከራ የቆመችው በእርሱ ላይ ነበር።

መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የተጫዋቾቹ ድብቅ ካርታ በካሜራ ይታይ ስለነበር ተመልካቹ ሁሉ ባዶ እጁን አየ። በቀጣዩ ዓመት 2,576 ሰዎች ተመዘገቡ። ስንቶቹ ያችን የመጨረሻዋን ግፊያ ብቻ አይተው እንደመጡ እኔ እንጃ።