ከካርባይድ ፋኖስ እስከ ዜኖን፤ የመኪና የፊት መብራት ታሪክ

በሌሊት በመንገድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሾፌሮች አይተዋወቁም፤ ዳሩ ግን ለጥቂት ሴኮንዶች አንዱ የሌላውን ዐይን በእጁ ይዟል። አንዱ መንገዱን አጥርቶ ለማየት የሚያበራው ብርሃን ለሌላው ዕውርነት ይሆንበታል። ስለዚህ የመኪና የፊት መብራት ታሪክ ብርሃንን የመጨመር ታሪክ ብቻ ሳይሆን ብርሃንን የመግታትም ታሪክ ነው። እኛ ይህን ለመጻፍ የተነሣነው በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የመኪናውን ሃሎጅን አምፑል አውጥቶ በምትኩ ዜኖን የሚባለውን ሲያስገባ ስለምናይ ነው። የዚህ ነገር ጥቅሙና ጉዳቱ ከታሪኩ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ፋኖሳቸውን የወረሱት ከፈረስ ሠረገላ ነበረ። የሠረገላ ፋኖስ ዋና ሥራው ሠረገላው መምጣቱን ለሌላው ማስታወቅ እንጂ መንገድ ማሳየት አልነበረም፤ ፈረሱማ መንገዱን ራሱ ያያል! ሞተር ግን ዐይን የለውም። ስለዚህ የመኪናው ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ የአሴቲሊን ፋኖስ መጣ። ካልሲየም ካርባይድ የሚባለው ድንጋይ መሳይ ነገር ውሃ ሲንጠባጠብበት አሴቲሊን ጋዝ ይወጣዋል፤ ዛሬ በየጋራዡ ከኦክሲጅን ጋር ለብየዳ የሚያገለግለው ይኸው ጋዝ ነው። ነበልባሉ ነጭና ብሩህ ስለ ሆነ ከኋላው መስተዋት አድርገው ብርሃኑን ወደ ፊት ይሰዱት ነበረ። ሾፌሩ ግን ሲመሽ ከመኪናው ወርዶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ ክብሪት ጭሮ ማቀጣጠል፣ በኋላም የካርባይዱን ዝቃጭ ጠርጎ ማውጣት ነበረበት። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሲገባ፣ ዓለም ገና በዚህ ፋኖስ ዘመን ላይ ነበረች።

የኤሌክትሪክ መብራት በመኪና ላይ የታየው በ1898 በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ በተሠራው ኮሎምቢያ በተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜው የአምፑል ክር በመንገዱ ንቅናቄ ቶሎ ይበጠስ ነበረ፤ ለመኪና የሚስማማ ትንሽና ብርቱ ዲናሞ መሥራትም ቀላል አልነበረም። ተንግስተን ከሚባለው ብረት የተሠራ ክር ከተገኘ በኋላ ነገሩ ተቃና። በ1912 ካዲላክ የሞተሩን ማስነሻም መብራቱንም በኤሌክትሪክ አደረገ፤ በ1913 ደግሞ የጀርመኑ ቦሽ መብራቱን፣ ዲናሞውንና መቈጣጠሪያውን አንድ ላይ አድርጎ ለገበያ አቀረበ።

ከዚህ ወዲያ ከጨለማው ይልቅ ብርሃኑ ራሱ ችግር ሆነ። መኪና በበዛበት አገር ሁሉ ከፊት የሚመጣው መብራት ዐይን ስለሚወጋ መላ መፈለግ ግድ ነበረ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ቢሉክስ የተባለው አምፑል ወጣ። ይኸውም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር ያለው ነው፤ አንዱ ክር ለረዥም መብራት፣ ሁለተኛው ለአጭር መብራት። ዛሬ ሾፌር ሁሉ ሳያስበው በጣቱ የሚለዋውጠው ነገር ያን ጊዜ ትልቅ ግኝት ነበረ። አሜሪካኖች በበኩላቸው ከ1940 ጀምሮ አምፑሉን፣ አንጸባራቂውንና መስተዋቱን አንድ ላይ የታሸገ አድርገው፣ ሁሉም መኪና እንዲሁ እንዲሆን ደነገጉ። አቧራና ውሃ የማይገባበት መሆኑ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ይህ ሕግ እስከ 1983 ድረስ ሌላ ዐይነት አምፑል እንዳይገባ በሩን ዘግቶት ቈየ። አንድ መልካም ሕግ ከዘመኑ ሲያልፍ እንዴት እንቅፋት እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በአውሮፓ በ1957 አጭሩ መብራት ሁለቱ ጎኖቹ እኩል እንዳይሆኑ ተደረገ። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር የብርሃኑ ግራ ጎን ዝቅ ብሎ ይቈረጣል፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ያለው በዚያ ነውና። ቀኙ ጎን ግን ከፍ ብሎ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ያሳያል። በግራ በሚነዳበት አገር ይህ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግራ ወደ ቀኝ ስትዛወር የተለወጠው የመንገዱ ጎን ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ለግራ የተሠራ መብራት በቀኝ ሲሄድ ከፍ ያለው ጨረሩ የሚያርፈው በመጪው ሰው ዐይን ላይ ነው። መሪው በቀኝ የነበረን መኪና ገዝተው መሪውን ወደ ግራ የሚያዛውሩ ሰዎች መብራቱንም አብረው መለወጥ የሚገባቸው ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሃሎጅን ነው። በተራው አምፑል ውስጥ ክሩ ሲግል ተንግስተኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተነነ በብርጭቆው ላይ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ብርሃኑም ይደክማል። በ1959 በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሆኑት ኤልመር ፍሪድሪክና ኤሜት ዋይሊ በአምፑሉ ውስጥ አዮዲን በመጨመር ለዚህ መድኀኒት የሆነ አምፑል በስማቸው አስመዘገቡ። አዮዲን ወይም ብሮሚን የተነነውን ተንግስተን ይዞ መልሶ በክሩ ላይ ያሳርፈዋል። ይህ እንዲሆን ብርጭቆው እጅግ መጋል ስላለበት ከኳርትዝ ይሠራል። በአውሮፓ ለመኪና የሚሆነው «ኤች 1» የተባለው ሃሎጅን በ1962፣ ሁለት ክር ያለው «ኤች 4» በ1971 ወጣ።

የተቃጠለ «ኤች 4» አምፑል ያገኘ ተማሪ ሳይጥለው በማጉያ መነጽር ይመልከተው፤ እኛ ተመልክተን ብዙ ተምረንበታል። ከፊት ባለው ክር ሥር እንደ ማንኪያ የጐደጐደች ትንሽ ብረት አለች። አጭሩ መብራት ሲበራ ይህች ብረት ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ስለምትከለክል የሚያንጸባርቀው የአንጸባራቂው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ ከዚያም ብርሃኑ ወደ መንገዱ ይወርዳል። የመጪውን ሾፌር ዐይን የምትጠብቀው ከጥፍር የማትበልጥ ይህች ብረት ናት። ክሩ ከቦታው አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢዛነፍ የብርሃኑ ቅርጽ ይበላሻል፤ አንጸባራቂው የተቀረጸው ለዚያች ክርና ለዚያች ቦታ ብቻ ነውና።

ዜኖን የሚባለው ግን ክር የለውም። ሃሳቡ አሮጌ ነው፤ ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል ኤሌክትሪክ አዝልሎ ብርቱ ብርሃን አሳይቷል። ይኸው ሰው ሠራሽ መብረቅ ተንሶ በመኪና ላይ የተተከለው በ1991 በቢ ኤም ደብሊው «7 ሲሪስ» ላይ ነው። በትንሽ የኳርትዝ እንክብል ውስጥ ከ4 ሚሊሜትር ብዙ በማይበልጥ ርቀት ሁለት የተንግስተን ጫፎች ይተያያሉ። ባላስት የሚባለው መሣሪያ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ አሳድጎ ብልጭታውን ያስነሣል፤ የዜኖን ጋዙ ወዲያው ያበራል፤ ከጥቂት ሴኮንድም በኋላ በውስጡ ያሉት የብረት ጨዎች ተንነው ብርሃኑ ይሞላል። «ኤች 7» የተባለው ሃሎጅን 55 ዋት በልቶ 1500 ሉመን ያህል ሲሰጥ፣ «ዲ 2 ኤስ» የተባለው ዜኖን በ35 ዋት 3200 ሉመን ያህል ይሰጣል። እንግዲህ በአነስተኛ ኀይል ከእጥፍ በላይ ብርሃን ማግኘት የማይማርከው ማን ነው?

ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ብርሃኑን ብቻ አልጨመሩም። ለዜኖን ልዩ የመብራት ቤት ሠሩለት፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ወፍራም ሌንስ፣ በውስጡም ብርሃኑን የሚቈርጥ ጋሻ ያለው ነው። የአውሮፓው ደንብም አምፑሉ ከ2000 ሉመን የሚበልጥ መብራት የጭነቱን ክብደት እየተከተለ ራሱን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ መሣሪያና የመስተዋት ማጠቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ኋላው ተጭኖ አፍንጫው ቀና ያለ መኪና ዐይን ይወጋል፤ በመስተዋቱ ላይ ያለ ጭቃም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል።

በገበያ የሚሸጠው የመለወጫ ዕቃ ከዚህ ሁሉ የሚያመጣው አምፑሉንና ባላስቱን ብቻ ነው። የሃሎጅን ክር መካከሉ ላይ እኩል ሲያበራ፣ የዜኖኑ ብርሃን ግን በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ይበረታል፤ ቅርጹም ቀስት ነው። አንጸባራቂው ይህን ስለማያውቅ ብርሃኑን ወደ ዛፉም ወደ ሰማዩም ወደ መጪው ሾፌርም ይረጨዋል። የገዛው ሰው ግን ደስ ይለዋል፤ ከአፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ይታየዋልና። እዚህ ላይ ዐይን ይታለላል። ቅርቡ ሲያበራ ብሌን ስለሚጠብ በሩቅ ያለው እግረኛ ወይም በሬ ይበልጥ ይጨልማል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሴኮንዱ 28 ሜትር ያህል እንደሚያልፍ ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ዜኖን ማስገባት ከደንቡ ጋር ሊስማማ እንደማይችል ያስታወቀው ስለዚህ ነው። ወደ ሰማያዊ ያደላውን አምፑል የሚመርጡም አሉ፤ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ትርፉ አይታየንም፤ ከፋብሪካው ከ4300 ኬልቪን ገደማ ነጭ ብርሃን ጋር ሲተያይ የሚሰጠው ብርሃን ያነሰ ነው።

ታዲያ የመብራቱ መድከም ያስቸገረው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የደከመው አምፑሉ መሆኑን ያረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በፀሐይ ቢጫ የሆነው የፕላስቲክ መስተዋት ወይም የዛገ ሽቦ ነው። የሃሎጅን አምፑል የሚደርሰው ቮልት በ10 ከመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ በ30 ከመቶ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ ሽቦውንና ሪሌውን ማደስ ብቻ መንገዱን ሊያበራው ይችላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዜኖን ካስፈለገ ደግሞ ከነሙሉ ቤቱ ይለወጥ። በአውሮፓ ደንብ በተሠራ መብራት መስተዋት ላይ የተቀረጸው ፊደል ለሃሎጅን «ኤች»፣ ለዜኖን «ዲ» ስለ ሆነ ሳይገዙ ማንበብ ይቻላል። ማመዛዘኛውና ማጠቢያውም አብረው ይግጠሙ፤ ባላስቱ ውሃ በማያገኘው ቦታ ይታሰር፤ በሚሠራበትም ጊዜ የመብራቱ ማብሪያ ጠፍቶ ባትሪው ይፈታ፤ 20,000 ቮልት ሊገድል ይችላልና። ከቀድሞዎቹ አምፑሎች ብዙዎቹ ሜርኩሪ ስላለባቸው የተሰበረው በባዶ እጅ አይነሣ።

ከ2007 ጀምሮ፣ ሌክሰስ አጭሩን መብራት በኤል ኢ ዲ ካደረገ ወዲህ፣ ፋብሪካዎች ዜኖንን እየተዉት ሄደዋል። ለሃሎጅን ቤት የሚሸጠው የኤል ኢ ዲ አምፑልም ያንኑ የአንጸባራቂ ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

የትኛውም መብራት ከተገጠመ በኋላ ልኩ በግድግዳ ላይ ይታያል። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳው 10 ሜትር አርቆ ማቆም፣ የመብራቱን መካከል ከመሬት ለክቶ በግድግዳው ላይ በዚያው ቁመት በጠመኔ ማስመር ነው። የመብራቱ ዝቅታ አንድ ከመቶ ከሆነ አጭሩ መብራት የሚቈረጥበት መስመር ከጠመኔው 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። ጎማዎቹ አስቀድመው ይነፉ፤ በሾፌሩም ወንበር አንድ ሰው ይቀመጥ።