የፔራዴኒያ ዛፎችና ያስተከላቸው ንግድ

ፔራዴኒያ በስሪላንካ መካከለኛ ክፍል፣ ከካንዲ ከተማ በስተምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሥፍራ ነው። የአገሪቱ ረጅሙ ወንዝ ማሃዌሊ እዚህ ሲደርስ ዞሮ ይጠማዘዝና አንድ ሰፊ መሬት በሦስት ወገን ይከብባል። በዚህ የወንዝ ዙር ውስጥ ነው 60 ሄክታር ገደማ የሚሰፋውና ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶችን የያዘው የዕፅዋት ማዕከል የተቋቋመው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 460 ሜትር ግድም ስለሆነ እንደ ጠረፉ አያቃጥልም፤ ውርጭም አያውቀውም። ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩ ወንዝ ያመጣው ደለል ነው። ዛፍ ያለ ልክ እንዲያድግ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያስፈልግም።

መሬቱ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊትም ተራ መሬት አልነበረም። ሳልሳዊ ቪክራማባሁ የተባለው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1371 በፔራዴኒያ ግቢውን እንዳቆመ ይነገራል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ18ኛው መቶ ዘመን የካንዲው ንጉሥ ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ቦታውን የቤተ መንግሥት አትክልት አደረገው፤ ተከታዩ ራጃዲ ራጃሲንሃም አልፎ አልፎ ይቀመጥበት ነበር። ፖርቱጋሎችና ሆላንዶች ጠረፉን ሲይዙ በተራራው መካከል ነጻነቱን ጠብቆ የቆየው የካንዲ መንግሥት በ1815 በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። የንጉሡ አትክልትም የቅኝ ገዢው ንብረት ሆነ።

እንግሊዞች በደሴቲቱ የዕፅዋት ሥፍራ የማቋቋም ሐሳብ የነበራቸው ግን ካንዲን ከመያዛቸው በፊት ነው። የለንደኑን የኪው የዕፅዋት ማዕከል ከጀርባ ሆኖ ይመራ የነበረው ሰር ጆሴፍ ባንክስ በሰጠው ምክር፣ በ1810 በኮሎምቦ «የባሮች ደሴት» ይባል በነበረው ሠፈር አንድ ትንሽ ማዕከል ተከፈተ። ቀድሞ በቻይና ካንቶን ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረው ዊልያም ከር በ1812 መጥቶ ኃላፊነቱን ያዘ፤ በ1814 ሞተ። መሬቱ ጠቧል፣ ውኃም ይተኛበታል ተብሎ ሥራው ወደ ካሉታራ ተዛወረ። በመጨረሻ በ1821 አሌክሳንደር ሙን ፔራዴኒያን መርጦ ችግኞቹን ወደዚያ ማጓጓዝ ጀመረ። መጀመሪያ የተመነጠረው በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ክፍል ሲሆን፣ በብዛት የተተከለበትም ቀረፋና ቡና ነበር። ይህ ልብ ሊባል ይገባል፤ የማዕከሉ የመጀመሪያ ተክሎች ለዓይን የሚያምሩ አበቦች ሳይሆኑ በመርከብ ተጭነው የሚሸጡ ሰብሎች ናቸው።

ሙን በ1824 የደሴቲቱን ዕፅዋት ከሲንሃላ ስማቸው ጋር የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡ ከአንድ ሺህ በላይ ተክሎች ተመዝግበዋል። በተከታዩ ዓመት ሲሞት ሥራውን በዚያው ትጋት የሚቀጥል አልተገኘም። ለሃያ ዓመት ያህል ቦታው የጓሮ አትክልት ማምረቻ ከመሆን አላለፈም። በብራዚል የውስጥ አገር ብዙ የተጓዘው ጆርጅ ጋርድነር በ1844 ሲሾም ያገኘው፣ ከፊሉ ዳዋ የበላው መሬት ነበር። እርሱ መንገዶቹን አስወጣ፤ ሳይንሱንም መለሰ። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ሐርማኒስ ደ አልዊስ የተባለ የአገሩ ተወላጅ የደሴቲቱን ዕፅዋት በቀለም እየሣለ ወደ አርባ ዓመት ገደማ አገልግሏል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ከእንግሊዞቹ ኃላፊዎች ብዙዎቹ ሊቅ የተባሉት በእነዚህ ሥዕሎች ተደግፈው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማዕከሉ ትልቁ ፈተና ከቡና ጋር መጣ። ቡና ወደ ስሪላንካ የገባው ከየመን በተነሣው የንግድ መስመር ሲሆን፣ የአረቢካ ቡና ሥረ ግንድ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከ1830ዎቹ በኋላ የካንዲ ተራሮች ደን እየተጨፈጨፈ በቡና ተሸፈነ። መንግሥት በ1840 ባወጣው ሕግ የባለቤትነት ማስረጃ ያልቀረበበትን መሬት የዘውዱ አድርጎ ለእንግሊዛውያን በርካሽ ሸጠ። ለሥራው ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች በእግር ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር፤ በመንገድም በእርሻውም ላይ ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ። በ1870 ወደ ውጭ የተላከው ቡና 45 ሺህ ቶን ያህል ደርሶ፣ ደሴቲቱ ከዓለም ታላላቅ ቡና ላኪዎች አንዷ ሆነች።

ከአንድ ዓመት በፊት ግን፣ በ1869፣ በቡናው ቅጠል ሥር ብርቱካንማ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየ። የዚያን ጊዜው የማዕከሉ ኃላፊ ጆርጅ ትዌይትስ ናሙናውን ወደ እንግሊዝ ልኮ ፈንገስ መሆኑ ታወቀ፤ ይኸው ዛሬ የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ነው። ትዌይትስ መድኃኒት ይገኝለታል ብሎ ተስፋ አልሰጠም፤ ገበሬዎቹ ግን ዋጋው ጥሩ ስለነበር መትከላቸውን አላቆሙም። በ1880 ማርሻል ዋርድ የተባለ ወጣት ተመራማሪ መጥቶ ለሁለት ዓመት አጠና። የፈንገሱ ብናኝ በነፋስ እንደሚጓዝ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ እንደሚበቅልና ተራራ ሙሉ አንድ ዓይነት ተክል መደርደር ለበሽታው መንገድ እንደሚጠርግ አሳየ። ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በ1889 ወደ ውጭ የተላከው ቡና ከ2 ሺህ 500 ቶን አልበለጠም። ዋጉ በኢትዮጵያ ደንም አለ፤ በዚያ ግን ቡናው በጥላ ሥር፣ እርስ በርሱ በማይመሳሰል ዘር ስለሚኖር እንዲህ ያለ ጥፋት አላደረሰም። በባሕር ማዶ የተስፋፋው ቡና የጥቂት ተክሎች ዘር ብቻ በመሆኑ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ጣለ።

ፔራዴኒያ ከቡና ውድቀት በኋላ የሚተከለውን አስቀድሞ በእጁ ይዞ ነበር። ለወባ መድኃኒት የሚሆነው የኪኒን ዛፍ ከደቡብ አሜሪካ በኪው በኩል ሲደርሰው ለቦታው ሙቀት አልስማማ ስላለ፣ በ1861 ከፍ ባለው ሐክጋላ ቅርንጫፍ ተከፈተለት። መጀመሪያ ችግኙን በነጻ እንኳ የሚወስድ ገበሬ ጠፋ። ቡናው ሲሞት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተረባረበ፤ በ1880ዎቹ ቅርፊቱ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋው ወደቀ። ሻይ ግን ጸና። የአሳም ሻይ ዘር ከካልካታ በ1839 ወደ ፔራዴኒያ መጥቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ብዙ ትኩረት ቆይቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ቴይለር ዘር ከማዕከሉ ወስዶ በ1867 በሉልኮንዴራ እርሻ 8 ሄክታር የማይሞላ መሬት ላይ ተከለው። ዛሬ በደሴቲቱ የቀድሞ ስም «የሲሎን ሻይ» የሚባለው ከዚህ ጀመረ።

የጎማ ታሪክ ደግሞ በሣጥን ይጀምራል። ሌላ ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የፈለሰፈው፣ በመስታወት የተዘጋ ሣጥን በውስጡ ያለውን እርጥበት መልሶ መላልሶ ስለሚጠቀም፣ ችግኝ ውኃ ሳይጠጣ ለወራት በመርከብ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል ያወጣው 70 ሺህ የጎማ ዘር ኪው ደርሶ የበቀለው 2 ሺህ 700 ገደማ ብቻ ነበር። ከእነዚህ 1 ሺህ 900 ያህሉ በ38 ሣጥኖች በዚያው ዓመት ወደ ስሪላንካ ተላኩ፤ አብዛኛዎቹም በሕይወት ደረሱ። ጎማ ቆላና ርጥበት ስለሚወድ የተተከለው በኮሎምቦ አቅራቢያ በሄናራትጎዳ ነው። የመኪና ጎማ ዓለምን ሲይዝ የእስያ እርሻዎች የብራዚልን ደን ጎማ ከገበያ አስወጡት።

ቡናና ሻይ ቁጥቋጦዎች ናቸው፤ ከማዕከሉ ወጥተው ተራራውን ሞሉት። ጎብኚውን ቀና ብሎ እንዲያይ የሚያደርጉት ዛፎች ግን አብዛኛዎቹ ለንግድ ያልተፈለጉ ወይም ለመሞከር መጥተው የቀሩ ናቸው። በሰፊው መስክ ላይ የቆመው የጃቫ ፊከስ ከኢትዮጵያ ዋርካና ሾላ ጋር አንድ ወገን ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ጥላው ወደ 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከሩቅ ሲታይ የብዙ ዛፎች ክምችት ይመስላል፤ ግንዱ ግን አንድ ነው። ሌላው የፊከስ ዓይነት፣ ቀድሞ ጎማ ይወጣበት የነበረው፣ ሥሮቹ ከመሬት በላይ እንደ ግድግዳ ቆመው እየተጥመለመሉ ይወጣሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሄክል በ1881 እና 1882 በደሴቲቱ ሲቆይ ፔራዴኒያን ጎብኝቶ፣ ስለዚህ ሥር በጉዞ መጽሐፉ በአድናቆት ጽፏል። በወንዙ ዳር የበርማው ግዙፍ ቀርከሃ ቁመቱ 30 ሜትር ይደርሳል፤ በዝናብ ወራት አዲሱ ግንድ በአንድ ቀን ብቻ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል።

ዘንባባዎቹ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሰው እጅ ይታይባቸዋል። በሰልፍ የቆሙት መንገዶች በተለያየ ጊዜ የተተከሉ ሲሆኑ፣ የፓልሚራው በ1887፣ የንጉሣዊው ዘንባባ በ1950 ነው። ከሲሸልስ የመጣው የባሕር ኮኮናት በ1850 ተተከለ። ፍሬው ከ20 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ እስኪበስል ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጃል። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ስለሆኑ ፍሬ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የአበባውን ዱቄት ሰው ያደርስላቸዋል። ታሊፖት የሚባለው የአገሩ ዘንባባ ደግሞ ከ30 እስከ 80 ዓመት ኖሮ በአንድ ጊዜ ያብብና ፍሬውን ሰጥቶ ይሞታል። የስሪላንካ መነኮሳት የእምነት መጻሕፍታቸውን የጻፉት በዚህ ዘንባባ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ገዳማት ብራና የነበረውን ቦታ በዚያ የያዘው እርሱ ነው።

ታላላቅ ሰዎች ዛፍ የሚተክሉበት ልማድ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው። የወደፊቱ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በ1875፣ ልጃቸው ጆርጅ ከባለቤታቸው ከሜሪ ጋር በ1901 ተክለዋል። የጆርጅ ዛፍ የመድፍ ጥይት የሚመስል ከባድ ፍሬ ከግንዱ ላይ የሚያንጠለጥል ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አድሚራል ማውንትባተን በ1944 የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጦር ዕዝ ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ፣ በዛፎቹ መካከል ቢሮዎች ሠርቶ ከበርማ ግንባር ጋር ይገናኝ ነበር።

የምርምሩ ሥራ በ1912 አዲስ ወደተቋቋመው የግብርና መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ ማዕከሉ ቀስ በቀስ ለጉብኝትና ለጥበቃ የሚያደላ ሆነ። የሻይ፣ የጎማና የኮኮናት ምርምር የየራሱን ተቋም አገኘ። ከሙን ዘመን ጀምሮ የተጠራቀሙት የደረቁ ናሙናዎች ግን ዛሬም በፔራዴኒያ ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቀምጠው የአገሪቱ ዕፅዋት ይለዩባቸዋል። በ1952 የሲሎን ዩኒቨርሲቲ ከማዕከሉ አጠገብ ወደተሠራለት ግቢ ተዛወረ። የአሁኑን ዘመን አስተዳዳሪዎች የሚያስቸግራቸው የቅጠል ዋግ ሳይሆን በሺዎች ሆነው በረጃጅሞቹ ዛፎች ጫፍ የሚያድሩት ትላልቅ የሌሊት ወፎች ናቸው፤ ጎብኚው ይወዳቸዋል፣ ያረፉበት ዛፍ ግን ቅጠሉ እየረገፈ ጫፉ ይደርቃል።