ስለ የካና ስለ እንጦጦ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች

አዲስ አበባን ስለ ቆረቆሩት ነገሥታትና መኳንንት፣ በውስጧም ስለታነጹት አብያተ ክርስቲያናትና አብያተ መንግሥት ብዙ ተጽፏል፤ የምድጃዋን እሳት ለዘመናት ሳያጠፉ ስላቆዩላት ሴቶች ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከእንጦጦ ጋራና ከየካ ተራራ ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኮተቤና በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት የሚወርዱትን እነዚህን ሴቶች ያላየ የከተማው ነዋሪ አይገኝም። ሁሉም አይቷቸዋል፤ ከየት እንደ መጡ፣ ማን እንደ ላካቸው፣ ሸክሙስ ስለ ምን በእነርሱ ጀርባ ላይ እንደ ወደቀ የጠየቀ ግን ብዙ አይደለም።

የነገሩ ሥር ከራሷ ከከተማይቱ ልደት ጋር የተያያዘ ነው። በቀደመው ዘመን የነገሥታቱ ከተማ በአንድ ስፍራ ጸንቶ የማይቀመጥበት አንዱ ምክንያት ማገዶ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሠራዊትና አሽከር ተከትሎት የሚሰፍር መንግሥት በዙሪያው ያለውን ደን በጥቂት ዓመታት ጨርሶ፣ ምድሩ ሲራቆት ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ይሻገር ነበርና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ንግሣቸው ሲፈጸም፣ የተራራው ጽድና ወይራ መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ ከተማው ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ከወረደም በኋላ የእንጨት እጦቱ እየጠና ስለ ሄደ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ አስበው ሕንጻ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ዘሩን ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ በብዙዎች ዘንድ ይነገራል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ከብትም ቅጠሉን የማይበላው በመሆኑ፣ ችግኙ በርካሽ ዋጋ ለሕዝቡ እየታደለ ከመኳንንቱ ግቢ እስከ ድኻው ጓሮ ተተከለ፤ በየካ ግርጌ ለውጭ አገር መልእክተኞች የተሰጡት ሰፋፊ ርስቶችም በዛፍ ተሸፈኑ። ምንጭና ወንዝ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም፣ ሕዝቡ ጥቅሙን ቀምሶት ነበርና ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። በእኔ አስተያየት ከዚያ ዘመን ወዲህ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ቆርቋሪ ቢባል ለዚህ ዛፍ የሚበዛበት ክብር አይደለም።

ነገር ግን ዛፉ በተራራ፣ ምድጃው በሜዳ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ መጀመሪያ የገረዶችና የአሽከሮች፣ ቀጥሎም የገበሬውና የአህያው ጀርባ ሸፈነው፤ ከተማው እየሰፋ፣ እንጨትም በገንዘብ የሚሸጥ ሸቀጥ ሲሆን ግን፣ አህያ ለመግዛት አቅም የሌላቸው፣ ከራሳቸው ጉልበት በቀር ለገበያ የሚያቀርቡት ያልነበራቸው ሴቶች ገቡበት። እነዚህ ሴቶች በአብዛኛው የገጠር ልጆች ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ድርቅና ረኃብ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው፣ በከተማው ዘመድ ያልነበራቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ በገጠር የሚያውቁት የእርሻና የጓዳ ሥራ በከተማ ዋጋ አያወጣም፤ እንጨት መሸከም ግን ዋስ አይጠይቅም፣ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የጠዋቱ ድካም በዚያው ቀን ማታ እራት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሰራቸው ገመድ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴቲቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ልጆቿን ለታላቂቱ ልጅ ትታ፣ ብዙ ጊዜም ታላቂቱን ራሷን አስከትላ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ተራራ ትወጣለች፤ ብቻዋን መሄድ ስለሚያስፈራ ከጎረቤቶቿ ጋር ተጠራርታ ትሄዳለች። የደረቀውን ቅርንጫፍ ትሰብራለች፣ የወደቀውን ቅጠል ትጠርጋለች፤ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ስለሚስማማ እንደ እንጨቱ ይሸጣልና። ከዚያም በገመድ ጠፍራ፣ ቁልቁል ዘንበል ባለ ስፍራ ላይ አስደግፋ፣ በደረቷና በትከሻዋ ገመዱን አሳልፋ ትነሣለች። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ተራራው የመንግሥት ደን በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ድካም በሕግ ዓይን ስርቆት ሆኖ ተቈጠረ፤ ጥበቃው ካገኛት እንጨቷን ይነጥቃታል፣ ገመድና መጥረቢያዋን ይወስድባታል፣ ወይም ጉቦ ያስከፍላታል፤ ከዚህም የከፋ፣ በጫካው ውስጥ ክብራቸው የተደፈረ ሴቶችና ልጃገረዶች መኖራቸው የተመሰከረ ነው። በመንደርም “እንጨት ለቃሚ” የሚለው ቃል ለስድብ ይውላል። ወጡ በእርሷ እንጨት የበሰለለት ሰው ስሟን ለስድብ ማዋሉ ያሳዝነኛል።

ለችግረኛ ሴት የሚደረግ በጎ አድራጎት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደጀ ሰላም የሚሰጠው ምጽዋት፣ በበዓለ ንግሥ የሚታደለው ዝክር ጥንታዊ ነው፤ የዕለት ረኃብን ያስታግሣል፣ የነገውን ግን አይነካም። በ1927 ዓ.ም. በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ሴቶች ራሳቸው በሥርዓተ ማኅበር ተደራጅተው ሴቶችን የሚረዱበትን ዘመናዊ መንገድ ከፈተ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም የስፌትና የእጅ ሥራ ትምህርት ለልጃገረዶች ይሰጥ ጀመር። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ደግሞ የእጅ ሙያ በትምህርት ቤት ሊገበይ የሚገባው ክቡር ዕውቀት መሆኑን አሳየ። እነዚህ ሁሉ መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን በሩን የሚያንኳኳው ቢያንስ ፊደል የቆጠረ፣ የሚያስገባው ዘመድ ያለው፣ ወይም ለጥቂት ወራት ያለ ገቢ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ነበር። ከየካ ጫካ ጭራሮ የምታወርደው ሴት ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም።

መንገዱን የለወጠው ጥያቄ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወይዘሮ ፍቅርተ ኃይሌ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ወደ ተሸካሚዎቹ ቀርበው፣ ኑሯቸውን ከራሳቸው አንደበት ሰምተው ያዘጋጁትን ጥናት፣ የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 አሳተመው። ከዚያ ጥናት ዓለም የተረዳው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ በከተማው ዙሪያ አሥር ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ሥራ እንደሚተዳደሩ፣ ከከተማው የማገዶ እንጨት አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን እንደሚያቀርቡ፣ 35 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሸክም ይዘው 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዙ ተጻፈ። ብዙዎቹ ሴቶች ከሸክማቸው ብዙም የማይበልጥ ክብደት እንደ ነበራቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። የደን ወንጀለኛ ተብላ ስትባረር የኖረችው ሴት፣ የአንድ ታላቅ ከተማ የኃይል ምንጭ አቅራቢ መሆኗ በቁጥር ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ ነው የዓለም የሥራ ድርጅት ባደረገው እርዳታ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት፣ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር የተመሠረተው። ሴቶቹ ለማኅበር እንግዳ አልነበሩም፤ ዕድርና ዕቁብ፣ የጻድቃንና የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር በደማቸው ውስጥ ነበር፤ በጫካውም ተጠራርተው መሄድን የለመዱ ናቸው። አዲሱ ነገር የሙያው ምርጫ ነበር፤ ከስፌትና ከጥልፍ ጋር ሽመና ገባ። በአገራችን ልማድ ጥጡን መዳመጥ፣ ባዘቶውን በእንዝርት መፍተል የሴት ድርሻ ሲሆን፣ ድሩን አድርቶ፣ በጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚወረውረው ወንድ ነበር፤ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት የጋሞ አገር ሸማኔዎችም ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፉት በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አንዲት እንጨት ተሸካሚ በሽመና ዕቃ ፊት መቀመጧ፣ ሸክምን በሸማ ከመለወጥ የሚበልጥ ነገር ነበረው፤ ለዘመናት በወንዶች እጅ ብቻ የኖረውን ግማሹን ጥበብ ለፈታይቱ መለሰላት። ሸማኔም ቢሆን ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪው ጋር ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ ዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ ያስነገሩትም ስለዚሁ ነው። በተናቀ ሥራ የኖሩ ሴቶች ተንቆ በኖረ ሙያ መነሣታቸውን ሳስብ፣ ንቀቱ ምን ያህል ከንቱ እንደ ነበር ይገለጥልኛል።

አሁን ቀድሞ ወደ ተውሁት ነገር ልመለስ። ሽመና የሚለምድ ሰው የመጀመሪያውን ነጠላ እስኪሸጥ ድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ግን ያንኑ ማታ ሳንቲሟን ትይዛለች። የዕለት እንጀራ ከዕለት ሸክም ጋር በተቈራኘበት ቤት፣ ለሥልጠና መቀመጥ ማለት ልጆችን አስርቦ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ሥልጠናን በመሣሪያና በመምህር ብቻ የሚለካ በጎ አድራጊ፣ ሀሳቡ የቱን ያህል ቅን ቢሆን፣ ሴቲቱን በሦስተኛው ሳምንት ጫካ ውስጥ ያገኛታል። የቁጠባና የብድር ሥርዓት፣ በልምምዱ ወራት የሚሰጥ የቀለብ ድጎማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸማውን የሚገዛ ሰው ከሙያው እኩል ያስፈልጋሉ። ማኅበሩ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ መሸጫ ማበጀቱ ይህን መረዳቱን ያሳያል፤ ሆኖም ገዢዎቹ ብዙውን ጊዜ አገር ጎብኚዎች በመሆናቸው፣ እንግዳ በጠፋበት ዓመት መደርደሪያው ሳይነካ ይከርማል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ለእንጦጦ ማርያም ጸበል ከየአገሩ የመጡ፣ ብዙዎቹም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በተራራው ላይ በተከራዩት የጭቃ ጎጆ ሲቀሩ፣ ከእነርሱም ብርታት ያላቸው ወደዚሁ ጫካ ገቡ፤ ለእነርሱም ዶቃና ጌጣጌጥ መሥራትን የሚያስተምሩ በጎ አድራጊዎች ተነሡ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሲከፈት ተራራው የሽርሽር ስፍራ ሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድም በብዙ ቤት ገብቷል፤ መብራት በጠፋበት ቀንና ሒሳቡ በማይቻልበት ቤት ግን ጭራሮው ዛሬም ይፈለጋል፤ በየካ ቁልቁለትም ዛሬ የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ለእነርሱ የሚከፈት የሥልጠና ቦታ ሁሉ፣ ከመሣሪያው አስቀድሞ፣ የሦስት ወር ቀለባቸውንና የሸማቸውን ገዢ አስቦ እንዲነሣ እለምናለሁ።