የይፋት ቆላና የዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋማት

በይፋት ቆላ ውሃ የአንድ ሙያ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ከወንዝ እየተጠለፈ የሚመጣው ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፤ በየቦዩና በየጉድጓዱ ሲተኛ ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባበታል። ክረምት ሲገባ ያው ወንዝ የደጋውን አፈር ጠርጎ እየወረደ ማሳ ይበላል። በበጋ ከምሥራቅ በኩል ያለው አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ወደዚያው ውሃ ይጠጋል። መሐንዲሱ ቦዩን፣ ሐኪሙ በሽተኛውን፣ የእርሻ ባለሙያው ዘሩን ለየብቻ ያያሉ፤ ገበሬው ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ይጋፈጣቸዋል።

ይህን የመሰለውን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ለመመርመር የታሰቡት የኢትዮጵያ ተቋማት የተወለዱት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1972 የልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ተከታትለው ተቋቋሙ። ከሦስቱ ለኢኮኖሚ ልማት እጅግ ርቆ ይገኛል ተብሎ ሊገመት የሚችለው ፓቶባዮሎጂ ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የእርሱ ታሪክ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተቋቋመው ኢንስቲትዩት ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ብቻ አላስቀረውም። ኬሚስቱ ፍሬውን ሲመረምር፣ የዕፀዋት ባለሙያው የተሻለውን ዝርያ ይመርጥ ነበር፤ በዚህ ረገድ የዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ድካም በተለይ የሚጠቀስ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ በሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚህ ውስጥ የኢኮኖሚ ሐሳብም ነበረበት፤ ይኸውም በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ኬሚካል ፈንታ ገበሬው ራሱ ሊያበቅለው የሚችል ተክል ማግኘት ነው።

ሐሳቡ ግን ሳይሰፋ ቀረ። ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድ መርዘኛነት እነርሱ በሚቀበሉት ቤተ ሙከራ እንዲፈተሽ ጠየቁ፤ ይህም ብዙ ዓመታት ፈጀ። በመካከሉም ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ስለተገኘ ቀንድ አውጣን የማጥፋቱ ነገር ችላ ተባለ። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1993 ደግሞ በእንዶድ ላይ የፓተንት መብት ያገኘው በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የተፈለገውም የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ቅርፊት እንስሳ ለማጥፋት ነበር። የዓድዋ አጣቢ ሴቶች ዕውቀት የመጀመሪያ ገበያውን በባዕድ አገር ቧንቧ ውስጥ ሊያገኝ መታሰቡ ምፀት አይደለም ማለት ያስቸግራል።

ይህ ነገር ይፋትን የሚመለከተው በውሃው በኩል ነው። የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። በአዋሽ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ ቢልሃርዝያ ከሸንኮራ አገዳው መስኖ ጋር አብሮ ተስፋፍቷል፤ ከይፋት በስተሰሜን ባለችው በከሚሴም በሽታው ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት አንድ ቦይ ሲቆፈር የሚጠበቀውን የሽንኩርት ገቢ ያሰላ ሰው፣ በቦዩ ሳቢያ ሊመጣ የሚችለውን የሕክምና ወጪና የሚባክነውን የሥራ ቀን ካልቀነሰ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ይህን ቅንስናሽ ሐኪሙ ብቻውን ወይም ኢኮኖሚስቱ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

የልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ዕድል ከዚህ የተለየ ነበር። በተቋቋመ በሁለት ዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ተማሪውም ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። ኢንስቲትዩቱ ካወጣቸው ሥራዎች መካከል አቶ ደሳለኝ ራህማቶ በወሎ፣ በአምባሰል፣ ያካሄዱት የ1987 ጥናት ከፍ ያለ ቦታ አለው። ገበሬው ረኀብን እጁን አጣጥፎ እንደማይጠብቅ፣ ነገር ግን አስቀድሞ ፍጆታውን እየቀነሰና ጥሪቱን እየቆጠበ እንደሚታገል አሳይቷል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰሜን ማዕከላዊ ኢትዮጵያን ገበሬ መከራ በከፍታ ልክ፣ ሽቅብና ቁልቁል አጥንተዋል። ከጣርማበር እስከ ሮቢት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከገብስ ወደ ማሽላ ለሚወረድበት አገር ከዚህ የተሻለ የጥናት አቅጣጫ አይገኝም።

በአንጻሩ የስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር በደብረ ሲና አካባቢ፣ በአንዲት ጥድ፣ በ1982 ጣቢያ ተከለ። ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ መለካቱ በኢትዮጵያ ብርቅ የሆነ ቅርስ ነው። ከጣቢያዎቹ መካከል ግን በይፋት ቆላ የተተከለ አልነበረም። ደጋው ላይ የጠፋው አፈር ተመዘነ፤ ቆላው ላይ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ግን በዚያ ሚዛን አልገባም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ2007 ሥራ ሲጀምር ርቀት ምክንያት መሆኑ ቀረ፤ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቆላውም ቀድሞ የነበረው ቆላ አይደለም፤ ማሾ የውጭ ገበያ ሰብል ሆኖ በ2014 ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቷል። ያልተለወጠው የመምህሩ ዕድገት የሚለካበት መንገድ ነው። ማዕረግ የሚገኘው በየሙያው መጽሔት በሚወጣ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ከሐኪምና ከመሐንዲስ ጋር በአንድ ቦይ ዳር አምስት ዓመት የቆየ ተመራማሪ በዚያ ሰሌዳ ላይ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። የዓድዋው የመስክ ሙከራ የፈጀው ግን ልክ አምስት ዓመት ነበር።