ሊምፎሲስቲስ

ሊምፎሲስቲስ በዓሣ ክንፍና ቆዳ ላይ ኪንታሮት መሰል እብጠት የሚያወጣ የቫይረስ በሽታ ነው። በጨዋማ ውሃ አኳሪየም በሚኖሩ ዓሦች ዘንድ የተለመደ ነው። ቫይረሱ የገባበት ሕዋስ አይባዛም፤ ያለ ልክ ያብጣል እንጂ፣ አንዳንዴ እስከ 1 ሚሊሜትር ድረስ። ስለዚህ እብጠቱ ዕጢ ቢመስልም ካንሰር አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ክሪፕቶካርዮን በተባለ ጥገኛ ተውሳክ ከሚመጣው የነጭ ነጥብ በሽታ ጋር ነው። የተውሳኩ ነጥቦች እንደ ጨው ቅንጣት ደቃቅና ተመሳሳይ ናቸው፤ ቁጥራቸው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ዓሣው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሰውነቱንም በድንጋይ ያሻል። የሊምፎሲስቲስ እብጠት ግን መጠኑ የተዘበራረቀ፣ እንደ አበባ ጎመን የተጠጋጋ ሲሆን ለሳምንታት ከቦታው አይነቃነቅም። ዓሣውም አብዛኛውን ጊዜ መብላቱን አያቆምም። ጥርጣሬ ካለ ከእብጠቱ ትንሽ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው። ተውሳኩን የሚገድለው የመዳብ መድኃኒት ቫይረሱን አይነካም፤ በዚያው ገንዳ ያሉትን ሽሪምፕና ኮራል ግን ይፈጃል። ለሊምፎሲስቲስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ውሃው ንጹሕ ከሆነና ዓሣው ካልተጨነቀ እብጠቱ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይረግፋል። አፍ ላይ የወጣው ግን መመገብ ሊከለክል ይችላል።